አንዴ ስቶፕ፣ ሁለቴ ስቶፕ

እህል በረንዳ ሄዳችሁ «የበሪሁን ሱቅ የቱ ነው?» ብትሉ አንገታቸውን ነው የሚነቀንቁላችሁ። «የጋሽ አይሆንም ሱቅስ?» ካላችሁ ግን እጃችሁን ይዘው ያደርሷችኋል። ጋሽ አይሆንም ባሌ ነው። አተር፣ ባቄላና ሽንብራ ይሸጣል። ገበያተኛ ሲገባ ገና ምን እንደሚፈልግ ሳይናገር «አይሆንም!» ይለዋል። የመርካቶ ሰው ይሄን እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጥረው። ጥሎት ይሄዳል፣ ሌላ ሌላውን ሱቅ ያዳርሳል፣ ዞሮ ይመጣል። ያኔ በሪሁን ራሱ ጆንያውን ፈትቶ «ና ግባ ወንድሜ፣ እስቲ ቅመሰው» ይላል። እንዲህ ሲጨቃጨቁ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ደንበኞች አሉት፤ ከኔ ይልቅ እነሱን ሳይወድ አይቀርም።

ይሄው አመሉ ነው ልጃችንን ሊያሳጣን የነበረው።

ሩሀማ አንድዬ ልጃችን ናት። ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጥ ቶማስ የሚባል ልጅ ወደደች። ልጁ ጨዋ ነው፤ እኔ ገና ሳየው ሆዴ ወዶታል። ጣጣው የመጣው በላካቸው ሽማግሌዎች ነው። ዘመዶቹ የሲኤምሲ ሰዎች ናቸው፤ ዋጋ ካልተለጠፈበት ዕቃ የማይገዙ፣ ተከራክረው የማያውቁ። ከፊት የነበሩት አጎቱ ጋሽ ኢስሐቅ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የሰው ቃል እንደተነገረ የሚወስዱ። እሁድ ጠዋት ሰባተኛ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን መጥተው፣ እንደ ደንቡ ቆመው፣ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ባሌም እንደ ደንቡ፣ ይልቁንም እንደ አመሉ፣ «አይሆንም! ልጄ ገና ናት!» አለ።

ጋሽ ኢስሐቅ ኮፍያቸውን አደረጉና «እንግዲህ አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው» ብለው ወጡ።

በሪሁን ምን ያህል ደስ ብሎት እንደነበር ብታዩት! «ጨዋ ሰዎች ናቸው። በሚመጣው እሁድ ሲመለሱ ትንሽ አስጨንቄ እሰጣቸዋለሁ» አለኝ። በተከታዩ እሁድ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እኔንም ዶሮ አሠርቶኝ፣ በር በሩን ሲያይ ዋለ። ማንም አልመጣም። በሌላው እሁድም ለብሶ ተቀመጠ። ወይ ፍንክች! ዶሮውን እኔና እሱ በላነው፤ እሱማ አልበላውም፣ ሲቆረጥመው ነው የዋለው።

«ልከህ አስጠራቸዋ!» አልኩት።

«ሻጭ ነው ገዢን ተከትሎ የሚሮጠው?»

«ልጅህ ሽንብራ ናት እንዴ አንተ ሰውዬ?!»

በዚያ ወገን እነሱ ተናቅን ብለው፣ በዚህ ወገን እሱ ተናቅሁ ብሎ፣ መሃል ላይ ልጆቹ ተቃጠሉ። በመጨረሻ ወንድሜ ኮልፌ ያለውን ቤቱን ከፍቶ ዳራቸው። ባሌ የሰርጉ ቀን ሱቅ ከፍቶ ዋለ። እሁድ ነው እኮ! እህል በረንዳ ጭር ብሎ፣ እሱ ብቻውን ጆንያ መሃል ተቀምጦ።

እኔ ግን ሄድኩ። ከአጠገቤ የሱን ወንበር አስቀመጥኩ፣ ማንም እንዳይነካውም አልኩ። ሩሀማ ጉልበት ልትስም ስትመጣ የኔን ሳመችና ባዶው ወንበር ፊት ተንበረከከች። ቬሎዋን እንደለበሰች ግንባሯን ወንበሩ ላይ ደፍታ ቀረች። ከበሮው ቆመ። ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ፣ እግዜር ይስጠው፣ ምንም አላለፈውም።

ሲዲው ቤት ሲመጣ በሪሁን «ይሄ ነገር እኔ ባለሁበት እንዳይከፈት!» ብሎ አዘዘ። የሩሀማም ስም ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ ሆነ። እሷ ደግሞ የአባቷ ልጅ አይደለች? «ሳልጠራ አልመጣም» ብላ ቁጭ። እንዲህ እንዳሉ ወለደች። ሴት ልጅ! የኔን ዓይን የሱን ግንባር ይዛ የመጣች። ሄጄ ሳርሳት ሰንብቼ ስመለስ በሪሁን «ደህና ናት?» እንኳን ሳይለኝ ቀረ። የሰማንያ ቀኗ ክርስትና እየደረሰ ነው፤ የልጅ ልጁ ክርስትና ስትነሳ ይሄ ሰውዬ ሽንብራ ሲሰፍር ሊውል ነው ብዬ አንጀቴ እርር አለ።

ዲቪዲ ዴካችን የተበላሸ የመሰለኝም ያን ሰሞን ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ልጄን በጥፍር በምታህል ነገር ላይ ማየት አልወድም። ጠዋት ባሌ ሱቅ ሲሄድ ሰርጉን እከፍታለሁ። ጭፈራው ላይ ስደርስ ስቶፕ አደርገውና፣ እሱ ለምሳ ወደ ቤት እንዲመጣ፣ እኔ ሱቁን ልጠብቅ እሄዳለሁ። በማግስቱ ጭፈራዬን ልቀጥል ፕሌይ ስል፣ ጭፈራው የለም! ባዶው ወንበር። በሌላው ቀንም ባዶው ወንበር። ሰላሳ ጊዜ ወደፊት አሳልፈው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያች ወንበር ላይ ተጎልቶ ይጠብቀኛል። ሰይጣን ገባበት አልኩ። አንድ ጠዋት ሲዲውን ሳላወጣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ዱባይ ተራ፣ የገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት።

«አብዱልሰላም፣ ይሄ ዴክህ አስቸገረኝ። ጭፈራው ላይ አቁሜው ሄጄ፣ ስመለስ ወንበር ላይ ነው የሚጀምረው» አልኩት።

አብዱልሰላም ሰካው፣ ፕሌይ አለው። ባዶው ወንበር። ሩሀማዬ ግንባሯን ደፍታ። ትንሽ አየና አቆመው፣ እንደገና ከፈተው፤ ካቆመበት ቀጠለ። ሳቀ።

«እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ምንም አልሆነም። ይሄ ዕቃ ስቶፕን አንዴ ከነኩት ያቆሙበትን ያስታውሳል። ሁለቴ ከነኩት ነው የሚረሳው፤ ያኔ ከመጀመሪያው ይነሳል። እርስዎ አንዴ ነው የሚነኩት አይደል?»

«አንዴ ነው።»

«ከእርስዎ በኋላ የሚያየውም ሰው አንዴ ነው የሚነካው።»

«ከኔ በኋላ ማን ያያል? እኔና በሪሁን ብቻ ነን ቤት ያለነው!»

አብዱልሰላም ገመዱን ነቀለ። ዴኩን በነጠላዬ መልሶ ጠቀለለልኝ። እኔም መንገድ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንተ በሪሁን!

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሱቁን ለጎረቤታችን ለታንጉት አደራ ሰጥቼ ቀስ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ምሳው እንደተከደነ ነው። ሪሞቱን በሁለት እጁ እንደ ዳዊት ይዞ፣ ቴሌቪዥኑ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሩሀማ ወንበሩ ፊት ስትንበረከክ «ተነሺ ልጄ፣ ይበቃል፣ ተነሺ» ይላታል። አትነሳለትም። ያቆመዋል፣ ወደኋላ ይመልሰዋል፣ ደግሞ «ተነሺ እንጂ» ይላታል። ያ ቃሉ የማይታጠፍ ሰውዬ እንባው ጺሙ ላይ እየወረደ ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩም፣ ሳቅኩም። ገብቼ ላቅፈው ነበር፤ ግን አውቀዋለሁ፣ ካየሁት ያፍራል፣ ካፈረ ደግሞ ሲዲውን ይሰብረዋል። ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስኩ።

ወዲያው ሲኤምሲ ጋሽ ኢስሐቅ ቤት ሄድኩ። «ተመልሳችሁ ኑ» አልኳቸው።

«እንዴት ይሆናል? እምቢ ብለውናል እኮ!»

«እምቢ አላለም። አይሆንም ነው ያለው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉኝ፣ ከልባቸው።

ምን ብዬ ላስረዳቸው? «ጋሼ፣ እኛ ሰፈር አይሆንም ማለት አንዴ ስቶፕ ነው። በሪሁን ሁለቴ አልነካም። ካቆማችሁበት መቀጠል ነው» አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ ያበድኩ መስሏቸዋል። «ብቻ ኑ፤ ደግሞ አይሆንም ሲልዎ እንዳይሄዱ፣ ዝም ብለው ይቁሙ» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እሺ አሉ።

እሁድ ጠዋት መጡ። ሩሀማንና ቶማስን ከነልጃቸው ከግቢው በር ውጭ አስቆምኩና ሽማግሌዎቹን አስገባሁ። ጋሽ ኢስሐቅ መሃል ቤት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ በሪሁን፣ ከዚህ በፊት የጀመርነው ጉዳይ ነበር። ካቆምንበት ልንቀጥል መጥተናል።»

የባሌ ፊት ሲበራ አየሁ! በዓይኔ አየሁ! አፉን ከፈተ፤ ምን ቢወጣው ጥሩ ነው?

«አይሆንም! ልጄ ገና ናት!»

አመል ነዋ! ወልዳ፣ ታርሳ፣ ገና ናት ይላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ኢስሐቅ ግን ንቅንቅ አላሉም። «እንግዲያው ቆመን እንጠብቃለን» አሉ። ይኼኔ ከውጭ ያቺ ፍጥረት አለቀሰች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ በሪሁን።

«ያቺ ገና የሆነችው ልጅዎ የወለደቻት ናት» አሉ ጋሽ ኢስሐቅ።

መጀመሪያ አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን አፈነ፣ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሪሁን ግን ቤት ውስጥ አልነበረም፤ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ሆኖ ግቢው በር ደርሷል። ሩሀማ ስታየው ወደ ጉልበቱ ዝቅ አለች። ጉልበቱ ጋ ሳትደርስ ትከሻዋን ያዛት።

«ተነሺ ልጄ፣ ይበቃል፣ ተነሺ» አላት። ተነሳች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሆይ ሆይታ ነው፤ ሕፃኗ ከእቅፉ አልወርድም አለች፣ እሱም አላወርድም አለ። ምግብ ቀርቦ ቶማስ፣ ምኑን አውቆ፣ «ጋሽ ኢስሐቅ የሰርጉን ቀን ታመው አልመጡም ነበር፤ እናሳያቸው» ብሎ ተነሳና ዴኩን ከፈተው።

ባዶው ወንበር።

ሩሀማ አቀረቀረች። እኔ በሪሁንን ላድነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። «ይሄ ዴክ ተበላሽቷል! ሲዲውም ተጭሯል መሰለኝ፣ ሁሌ እዚያ ላይ ነው የሚደነቅረው!»

«አልተበላሸም» አለ በሪሁን። ሕፃኗን እንደታቀፈ ቴሌቪዥኑን እያየ ነበር። «እኔ ነኝ የማቆመው። በየምሳ ሰዓቱ እከፍተዋለሁ። ከዚህች ወንበር ማለፍ አቃተኝ ልጄ። ጭፈራው ሲመጣ ወደኋላ እመልሰዋለሁ፤ አባትሽ ያልነበረበትን ጭፈራ በምን ዓይኔ ልየው?»

በዕድሜዬ ይሄን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሩሀማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሱ ሪሞቱን አነሳና እጇ ላይ አደረገላት።

«በይ እንግዲህ አንቺ አሳልፊኝ» አላት።

ሩሀማ ፕሌይ አለችው። ሙሽራዋ ከወንበሩ ፊት ተነሳች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ከበሮው ቀጠለ። ወንድሜ መሃል ገብቶ ትከሻውን ይመታ ጀመር። በሪሁን ዓይኑን አጥብቦ አየውና ወደኔ ዞሮ «ይሄ ወንድምሽ እስክስታ እየመታ ነው ወይስ ጆንያ እያራገፈ?» አለ። ጋሽ ኢስሐቅ ሲስቁ ትን አላቸው፤ ውኃ እስክናመጣ ድረስ ጀርባቸውን መታንላቸው። እስከ መጨረሻው አየነው፤ ሲያልቅ በሪሁን «እስቲ ከመጀመሪያው» አለ።

ክርስትናው ማክሰኞ ዋለ፤ ከደብረ ብርሃን ባቄላ የገባበት፣ እህል በረንዳ መቆሚያ የጠፋበት ማክሰኞ። የጋሽ አይሆንም ሱቅ በር ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር የዋለው።