በቀኝ እጃቸው የያዙት ብርጭቆ

ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጃንሆይ መጨረሻ ዘመን በማርሽ ባንድ ክላሪኔት ይነፉ ነበር። ክላሪኔት ክብደቱ የሚያርፈው ቀኝ አውራ ጣት ላይ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የጣታቸው ሕመም ወደ እጃቸው አንጓ ወረደ። የኮልፌው ወጌሻ አሽቶ በጨርቅ አሰረላቸውና «ሁለት ወር እንዳይነፉ» አላቸው።

«ሁለት ወር ካረፍኩማ ክላሪኔቱን ለሌላ ይሰጡታል» አሉና ጨርቁን በዩኒፎርማቸው እጅጌ ሸፍነው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳይወጡ፣ እጃቸው መጽናቱን ለመፈተን ብርጭቆ ሙሉ ውሃ በቀኝ እጃቸው ይዘው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ራሳቸው ማየት ስለሚፈሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«እስቲ እዪልኝ፣ ፈሰሰ እንዴ?»

«ኧረ ጠብታም አልፈሰሰም፣ ወንድም ጋሼ» እላለሁ፣ የፈሰሰው ላይ በጫማዬ ቆሜ። እውነቱን ብነግራቸው ይብስ የሚንቀጠቀጡ ይመስለኝ ነበር። ሲወጡ የፈሰሰውን እወለውላለሁ።

አንድ ቀን በሰልፍ መሃል ክላሪኔቱ ከእጃቸው ወደቀ። ዳግመኛ አልነፉም። እኔን ግን አንዴም አልወቀሱኝም።

አሁን እሳቸው የሉም፤ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ አለ። ጠዋት ውሃ ስቀዳበት ይፈስብኛል፣ «ፈሰሰ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀኝም የለም።

ፈሶ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። በየቀኑ ይፈስ ነበር።