አስራ አራት ሰዓት ወደ እህቷ

ደንበኞቿ «እትዬ ትኬት» ይሏታል። በጉዞ ወኪሉ ቢሮ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ ሰው ስትሸኝ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እሷ ግን አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ታናሽ እህቷ የምትኖርበትን ከተማ መንገድ ኮምፒውተሩን ሳትነካ ትናገራለች።

«ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ሰባት ሰዓት ይበራሉ፣ ሦስት ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ አራት ሰዓት ይበራሉ። በጠቅላላው አስራ አራት።»

ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ሲገጥማት መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር ትመርጥለታለች። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እናታቸው ስትሞት ታናሿ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ የቤት ሥራዋን እያሠራች ያሳደገቻት እሷ ናት። ለትምህርት ስትሄድም ትኬቱን በገዛ እጇ ቆረጠችላት። ልጅቷ እዚያው አገባች፣ ወለደች፤ ይኸው አስራ ሁለት ዓመት። እሷ እንዳትሄድ አባቷ የአልጋ ቁራኛ ሆነውባታል።

«እቴቴ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች እህቷ በስልክ።

«አባባን ለማን ጥዬ?»

አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ስትል አባቷ ከውስጥ ሰሙ።

«ነይ እስቲ! እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። ጎረቤታችን ነርስ አይደለች? ሦስት ሳምንት ታየኛለች። እስክትመለሺ አልሞትም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እንጃ።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ ቀደማት።

ሄደች። ሁለተኛው አውሮፕላን ሲያርፍ ግን ያላሰበችው ሆነ፤ ሆድ ባሳትና ተንሰቀሰቀች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ደነገጡ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ደህና ነኝ። ይህችን ታህል ናት እንዴ? ትንሽ ተበላ፣ ትንሽ ተተኛ፣ አለቀ። ለዚህች ነው አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ...»

እህቷ መውጫው ላይ ቆማ ነበር። «ከሳሽ!» «አንቺ ደግሞ ወፈርሽ!» ተባባሉና ተጠመጠሙ። ሻንጣ የሚገፋው ሁሉ በእነሱ ዙሪያ እየዞረ አለፈ። የስድስት ዓመቷ ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ ብላ አክስቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እማዬ፣ የስልኳ አክስቴ እግር አላት!»

ሦስቱ ሳምንት እፍ እንዳሉት አለቀ። ስትመለስ አባቷን ደህና አገኘቻቸው፤ ሥራዋንም ቀጠለች። የቢሮ ጓደኞቿ «ናፍቆትሽን ተወጣሽ?» ይሏታል። «ተወጣሁ» ትላለች፤ ውሸቷን ነው። ድሮ የሚናፍቃት ድምፅ ብቻ ነበር። አሁን እህቷ ጉልበቷን እያመማት ግድግዳ ይዛ ደረጃ እንደምትወርድ ታውቃለች፤ ማንኪያ የምታስቀምጥበትን መሳቢያ ታውቃለች፤ ልጅቷ ጫማዋን አዛብታ አድርጋ እንደምትሮጥ ታውቃለች። ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ «ይሄኔ ከትምህርት ቤት ልታመጣት ወጥታለች» ትልና፣ ደረጃው ትዝ ሲላት አንጀቷ ይንሰፈሰፋል።