ከሚዛን በኋላ የተጨመረ ቅቤ

ቅቤ በስልክ መሸጥ የጀመርኩት ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው። እናቴ ሶዶ ገበያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ቅቤ ሸጣለች። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ስቀመጥ ገዢ መጥቶ ዋጋ ከጠየቀኝ አንገቴን ደፍቼ ጣቴን ወደ እሷ እቀስር ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ሳቆም ይኸው ጠባይ አብሮኝ ቀረ። ቤት ውስጥ በወላይትኛ እንደ ልቤ አወራለሁ። አማርኛ ግን ማንበቡና መጻፉ ነው የሚቀናኝ፤ ልናገር ስል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፣ የቆመውን ሰው ያየዋል፣ ሰው ሲያየው ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል።

ወንድሜ አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን አዋሰኝ። ቴሌግራም ላይ ገጽ ከፈትኩና የእናቴን ቅቤ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ሰው ሲጠይቀኝ እጽፍለታለሁ። ስጽፍ አልንተባተብም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የምልከው። የማላውቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ "ጎበዝ ነሽ" ያለኝ እዚያ ነው። ያንን መልእክት ብዙ ቀን እየከፈትኩ አየሁት።

ችግሩ ቅቤው አዲስ አበባ የሚሄደው በጽሑፍ አለመሆኑ ነው። መነኸሪያው አጠገብ ወዳለ ዕቃ መላኪያ ቢሮ ወስዶ ባንኮኒው ፊት መቆም ያስፈልጋል። የቢሮው ደንብ እንዲህ ነው፦ ላኪ ካርቶኑ ስንት ኪሎ እንደሆነ ከአንድ ቀን በፊት በስልክ መልእክት ያስመዘግባል። ክፍያው በደረጃ ነው፤ እስከ ሁለት ኪሎ፣ እስከ አምስት፣ እስከ አሥር። ካስመዘገበው ደረጃ ያለፈ ካርቶን መኪናው ላይ ቦታ ካልተገኘለት ያን ቀን አይጫንም።

መጀመሪያ የላኩት ሁለት ኪሎ ቅቤ ነበር፤ ሁለት ኪሎ ብዬ አስመዘገብኩ። ሠራተኛው መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ ያደረገ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ካርቶኑን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

"እህት፣ ባልዲውስ? ካርቶኑስ? እነሱ በእግራቸው ነው የሚሄዱት?"

ሰልፉ ሳቀ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ፊቴ እምቢ አለ። ያን ቀን መኪናው ላይ ቦታ ስለነበር ልዩነቱን ከፍዬ ወጣሁ። ቤት እስክደርስ ጆሮዬ ይግል ነበር።

እንዲያ ዳግመኛ እንዳይስቁብኝ ክብደት መማር ጀመርኩ። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ። የቤታችን ወለል ጭቃ ስለሆነ ሚዛኑ አንዱን ዕቃ ሦስት ጊዜ ስመዝነው ሦስት ቁጥር ይነግረኛል። ከተበላሸ በር የቀረ ጣውላ ፈልጌ ከሥሩ አነጠፍኩለት፤ ያኔ ረጋ። ባዶውን ባልዲ መዘንኩ። ክዳኑን ለብቻ መዘንኩ። ካርቶን በክረምት እርጥበት ስለሚጠጣ ከበጋው እንደሚከብድ ደረስኩበት። ስኮቹን እንኳ አልተውኩም፤ ጥቅሉን ከማሸጌ በፊት እመዝነዋለሁ፣ ካሸግሁ በኋላ እመዝነዋለሁ፣ የጎደለው ካርቶኑ ላይ ያለው ነው። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ። ነጥብ ያለው ቁጥር የተማርኩት ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ያኔ ማንም አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ አሥርም አሥራ አምስትም ካርቶን ልኬ ሠራተኛው ሚዛኑን አይቶ ዝም ነበር የሚለው። እኔ ከእሱ የምፈልገውም ዝምታውን ነበር።

አንድ ዓመት ጊፋታ ሲቃረብ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ያለ ቅቤ አይታለፍም። አዲስ አበባ ምግብ ቤት ያላት፣ እዚሁ ሶዶ ኦቶና አካባቢ ተወልዳ ያደገች ሴትዮ ጻፈችልኝ። ለበዓሉ ስምንት ኪሎ ፈለገች። "ከበዓሉ በፊት በሰዓቱ ከደረሰልኝ፣ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ካንቺ ነው የምወስደው" አለች። መልእክቷን ለወንድሜ አሳየሁት።

ወንድሜ ያን ሰሞን ስልኩን ሊወስድብኝ ያስብ ነበር። ሚስቱ ሥራውን ፈልጋዋለች። እሷ ተናጋሪ ናት፤ ገበያ ከሄደች ግማሹን ሰው አቅፋ ነው የምትመለሰው።

"እስከ ጊፋታ አይሻለሁ" አለኝ። "ይቺን ሴትዮ ቋሚ ደንበኛ ካደረግሻት ስልኩም ሥራውም ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካብሽም። ካልሆነ ግን ለሷ እሰጣታለሁ። እሷ ቢያንስ ስልክ ሲጠራ ታነሳለች።"

"እኔ እንኳን ስልክ፣ ዶሮ ስትጮህም አቤት እላለሁ" አለች ሚስቱ። ሁሉም ሳቁ። እናቴም ሳቀች።

እናቴ ቅቤውን ከገሱባ በኩል ከሚመጡ ሴቶች መርጣ ገዛች፤ በጣቷ እያሸች፣ እያሸተተች፣ የሁለቱን ሴቶች መልሳ። እኔ ስምንት ባልዲ ውስጥ አንድ አንድ ኪሎ ሞላሁ፤ ቁጥሩ አንድ ግራም እንኳ ሳያልፍ። በአንድ ካርቶን አራት ባልዲ ሆነ። ከነክዳኑ፣ ከነካርቶኑ፣ ከሚታሸግበት ስኮች ጋር አንዱ ካርቶን አራት ኪሎ ከስምንት መቶ ሃምሳ ግራም ይመጣል። ሁለቱንም "እስከ አምስት ኪሎ" ብዬ አስመዘገብኩ። ከበዓል በፊት የሚወጣው የመጨረሻው መኪና ላይ ቦታ እንዳገኘሁ መልስ መጣልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስኮቹን ይዤ ስመለስ እናቴ ባልዲዎቹ ፊት ቁጭ ብላለች። ክዳኖቹ ተከፍተዋል። ከተረፈው ቅቤ በሁለት ጣቷ እየዛቀች ከየባልዲው አናት ላይ ታስቀምጣለች፤ ክዳኑ እንዲገጥም ደግሞ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች።

"ለመጀመሪያ ደንበኛ ያለ ምርቃት ቅቤ አይላክም" አለችኝ ቀና ሳትል። "ምን ትለኛለች? የሶዶ ልጅ አይደለች? ታውቃለች።"

ገበያ ላይ ምርቃት የሚደረገው ሚዛኑ ከተነሣ በኋላ ነው። አይመዘንም። የመዘነው ሰው ምርቃት አላደረገም፤ ሸጠ ማለት ነው። ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በሆዴ አሰላሁ፤ በአንድ ካርቶን የቀረኝ መቶ ሃምሳ ግራም ብቻ ነው። አንድ ጉርሻ የሚያህል ቅቤ ስንት እንደሚመዝን አውቃለሁ፤ አራት ጊዜ ሲሆን ስንት እንደሚመጣም አውቃለሁ። ደግሞ ከእናቴ ጋር የማወራው በወላይትኛ ነው፤ ቃል አላጣሁም። "አስመዝግቤያለሁ፣ ተይው" ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ሚዛኑን አውጥቼ ፊቷ ብመዝነው የሰጠችውን መልሼ እንደመቁጠር ሆነብኝ። ትንሽ ናት አልኩ ለራሴ። የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ ክዳኖቹን ገጠምኩ፤ አሸግሁት።

ቢሮው በሰው ተጨናንቋል። ሠራተኛው የመጀመሪያውን ካርቶን አስቀመጠ።

"አምስት ኪሎ ከአንድ መቶ ሃያ።" ሁለተኛውን አስቀመጠ። "ይሄም አልፏል። አንቺ እኮ አትሳሳቺም ነበር፤ ምን ጨመርሽበት?"

ምርቃት ነው፤ እናቴ ናት የጨመረችው። ይኸው ነው መልሱ። አፌን ከፈትኩ።

"ሙዝ ይሆናላ!" አለ ከኋላዬ ጆንያ የታቀፈ ሰውዬ። "የዘንድሮ ቅቤ ግማሹ ሙዝ አይደል?"

"ኧረ ተው፣ ልጅቷን አታሳቅቃት" አለች አንዲት ሴት።

"እሷን ምን አልኳት? ቅቤዋን እኮ ነው።"

ሳቁ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር። አፌን ዘጋሁ። ሠራተኛው አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገልኝ።

"ስሚ እህቴ። መኪናው ሞልቷል፤ ወደ አሥር ኪሎ ላዛውርልሽ ቦታ የለኝም። ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ክፈቺና ከየካርቶኑ ትንሽ ቀንሺ፤ እኔ መልሼ አሽግልሻለሁ።" ከባንኮኒው ሥር የምሳ ዕቃውን አውጥቶ ማንኪያውን በወረቀት ጠራረገና ሰጠኝ። "እንቺ። ቶሎ በይ።"

ማንኪያውን ተቀበልኩት። አንዱን ካርቶን ከፈትኩ፣ የአንዱን ባልዲ ክዳን አነሣሁ። ቅቤው አናት ላይ የእናቴ አውራ ጣት ምልክት አለ። ሰው ሁሉ እጄን ያያል። ምርቃት ሲሰጥ እንጂ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ሙዙን ልታወጣ ነው እንደሚሉም ታወቀኝ። ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ፤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሠራተኛው "ወይ ለደንበኛሽ ደውለሽ ንገሪያት" አለ፤ ከዚያ ተራው የሌላ ሰው ሆነ፤ ከዚያ የሌላ። ከግቢው መኪናው ሲወጣ በመስኮቱ አየሁት። ማንኪያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ሠራተኛው አንሥቶ ወደ ምሳ ዕቃው መለሰው፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ካርቶኖቹን አየች።

"ምነው?"

"መኪናው ሞልቶ ነው።"

ይህ ውሸት አይደለም። ከዚህ በላይ አልነገርኳትም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ሴትዮዋ ትደውል ጀመር። ስልኩ ጉልበቴ ላይ እየተንቀጠቀጠ ስሟን ያሳየኛል፤ እኔ አየዋለሁ። ሲያቆም ልጽፍላት እጀምራለሁ። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ አነበብኩት፣ አልጣመኝም፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩ። ሰው ጭንቅ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ፣ እኔ ቃል እያሳመርኩ ነበር። በመጨረሻ የእናቴን ምርቃት አውጥቼ፣ ካርቶኑ ከብዶ ሳይጫን ቀረ የሚል ረጅም ይቅርታ በላኩላት ጊዜ እሷ ከሌላ ሰው ገዝታ ጨርሳለች። በድምፅ መለሰችልኝ፦

"የኔ እህት፣ ካርቶኑ ከበደ ብትይኝ ኖሮ እኔ እዚሁ ሆኜ መላ አጣለሁ? አንዴ ብታነሺው ምን ነበረበት? ያስነበብሽኝ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል? ቅቤ ነው የጠየቅኩሽ።"

ከዚያ ገጼ ላይ፣ ሁሉም ሊያየው በሚችልበት፣ "ስልክ ከማታነሳ ሻጭ አትግዙ፤ ሌባ ትሁን አትሁን አላውቅም" ብላ ጻፈች። የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አላውቅም ማለቷ ትክክል ነው። እንድታውቀኝ ያደረግሁት ነገር የለም።

ወንድሜ አልጮኸም። እጁን ዘረጋ፣ ስልኩን ሰጠሁት፣ ለሚስቱ ሰጣት። እሷ አጠገቤ ተቀመጠችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እናቴ ጓሮ ስለነበረች በወላይትኛ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምርቃቱን፣ ሙዙን፣ ማንኪያውን። ጨርሼ አፌን ሳልዘጋ ደወለች።

"አቤት እትዬ! የሶዶዎቹ ነን፣ ቅቤዎቹ! ኧረ ሌባስ አይደለችም፣ ዓይን አፋር ናት እንጂ። እናትየው ምርቃት አብዝተው እኮ ነው ኪሎው ያለፈው! አዎ! ... አዎ፣ በጣታቸው! ..."

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። ሴትዮዋ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። "ታዲያ ምነው ይህን አትልም ነበር?" አለች። "እናትየውን ሳሚልኝ፣ ምርቃቴንም እንዳታስቀሪብኝ።" ባንኮኒው ፊት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር ይኸው ነበር፤ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ሴትዮዋ ያን ስምንት ኪሎ ከበዓሉ በኋላ ወሰደችው። በየሳምንቱም ሆነ። ገጹ ላይ የጻፈችውንም አጠፋችው።

"አየሽ? ይኸው ነው" አለችኝ የወንድሜ ሚስት፤ ክፋት አልነበረባትም። ስልኩን ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

ወንድሜ ቃሉን ጠበቀ፤ ደንበኛዋን ቋሚ ያደረጋት ሰው ሥራውን ወሰደ። እናቴ "እግዚአብሔር ይስጣት፣ ቤታችንን አነሣችው" ትላለች ስለ ምራቷ፤ እኔም አሜን እላለሁ። ገጹ አሁን ብዙ ሰው አለው። አረካ ድረስ ያውቋታል። ቢሮውም የምትሄደው እሷ ናት፤ ሠራተኛውን በስሙ ትጠራዋለች፣ ይስቃሉ።

መመዘኑን ግን ለእኔ ተዉልኝ። ባልዲውን፣ ክዳኑን፣ ስኮቹን። ለምርቃቱም ከእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ቦታ እተውለታለሁ፤ እናቴ ዘወር ስትል ደግሞ መልሼ እመዝነዋለሁ። ሳሽግ ጨርሼ ማርከሩን አነሣለሁ። "ላኪ" በሚለው ላይ የወንድሜን ሚስት ስም እጽፋለሁ፤ ጽሑፌ ስለሚያምር ሌላ ሰው አያስነኩትም። ከሥሩ ኪሎውን እጽፋለሁ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።