እትዬ በሱሺው ባንኮኒ

እትዬ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። አንቱ ልላት ስል «አታስረጂኝ» ብላ ስለከለከለችኝ አንቺ እላታለሁ። ጄኔቫ ውስጥ አንዲት ዲፕሎማት ቤት ታበስላለች፣ ልብስ ትተኩሳለች፣ ቤቱን ትይዛለች። አሠሪዋን «ማዳም» ትላቸዋለች። ፊት ለፊትም ሆነ በሌሉበት አንቱ ናቸው፤ እኔም ከእሷ እየሰማሁ አንቱታው ለምዶብኛል።

ባለፈው በጋ የማዳም የሥራ ዘመን አለቀና ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሆነ። ይህ ለእትዬ ቀላል ነገር አይደለም። የመኖሪያ ካርቷ የተሰጣት የማዳም ቤት ሠራተኛ ስለሆነች ብቻ ነው። ማዳም ሲሄዱ ሌላ ዲፕሎማት ቶሎ ካልቀጠራት ካርቱ ይመለሳል፣ እሷም ሻንጣዋን ትሸክፋለች። አገር መግባቱ ባልከፋ፤ ግን አዲስ አበባ ሕክምና የምትማረው ልጇ ገና አልጨረሰችም፣ ከእናቷ ሌላ የሚያስተምራትም የለም። እኔ ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ቤት አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ የራሴ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ አንዱም ለእሷ አይሠራላትም። ዙሪክ ወስጄ አረጋውያን መጦሪያ ላስቀጥራት ብዬ ያልደወልኩበት ቢሮ የለም። ሁሉም በሚያምር ትሕትና አይሆንም አሉኝ። ትሕትናቸው ከእምቢታቸው በላይ አበሸቀኝ።

ማዳም ታዲያ ከመሄዳቸው በፊት እትዬን ራት ጋበዟት። «የእህትሽንም ልጅ ይዘሻት ነይ፣ የምንነጋገረው ቁም ነገር አለ» አሏት። የሁለቱ መግባቢያ ጥቂት ፈረንሳይኛና ብዙ የእጅ ምልክት ነው። ለሽንኩርትና ለካውያ ይበቃል፣ ለቁም ነገር አይበቃም። እኔ ያደግሁት እዚያው ጄኔቫ፣ ለዛቫንሼ ሰፈር ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ከባልደረባዬ ጋር የሥራ ፈረቃ ተለዋውጬ በባቡር መጣሁ። መንገዱን ሙሉ ቁም ነገሩ ሥራ እንዲሆን ስጸልይ ነበር።

የጋበዙን የጃፓን ሱሺ ቤት ከጄኔቫ ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ የመዋኛ ከተማ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በነጠላ ጫማ፣ አይስክሬም እየላሰ ይሄዳል። እትዬ የክርስትና ጥሪ ላይ የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ መሃላቸው ቀጥ ብላ ተራመደች። «ራቁቱን ለራት የሚወጣ ሕዝብ» አለችኝ።

ውስጡ ጠረጴዛ የለም፣ የምግብ ዝርዝርም የለም። አንድ ረጅም የእንጨት ባንኮኒና ከፍ ከፍ ያሉ ወንበሮች አሉ። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ጠና ያሉ ጃፓናዊ ቆመው ዓሣ ይቆርጣሉ። ማዳም አስረዱን፤ አበላሉ ኦማካሴ ይባላል፣ እንግዳው አይመርጥም፣ ሁሉንም ለባለሙያው ትቶ የተሰጠውን ይበላል። ተረጎምኩላት።

«ታዲያ ይኼ ምን አዲስ ነገር አለው? እንግዳ መቼ መርጦ ያውቃል?» አለች እትዬ።

ትኩስ እርጥብ ፎጣ ሲሰጣት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ረካች። «እጅ ያስታጥባሉ፣ ጨዋ ቤት ነው።»

ባለሙያው ሩዙን በመዳፋቸው ጠቅልለው፣ ቁራጭ ዓሣ አልብሰው አንድ በአንድ በእጃቸው ያቀብላሉ። እትዬ ከትልቅ ሰው እጅ ተቀምጣ አትቀበልም። እያንዳንዷን ጉርሻ ለመቀበል ከዚያ ቁመታም ወንበር እየወረደች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ጎንበስ ትላለች። እሳቸው መልሰው እጅ ይነሳሉ፤ እሷ ደግሞ ከእሳቸው ዝቅ ትላለች። እንዲህ እየተባለ ራቱ ስግደት ሆነ። ከጎናችን የተቀመጡት ባልና ሚስት መብላታቸውን ትተው ያዩን ነበር።

«ዓሣው እኮ አልበሰለም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ቁርጥ ስትበዪ ሥጋው በስሎ ነው?»

«እሱ በሬ ነው።»

ግን በላች፣ ወደደችውም። ያ አረንጓዴ ነገራቸው እንደ ሰናፍጭ አፍንጫዋ ላይ ወጥቶ ሲያስለቅሳት እንኳ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ለአፍታ የመጣሁበትን ረሳሁ።

አንዷ ጉርሻ በተለይ ጣፈጠቻት። ባለሙያው ከፊቷ አንብበው «ልድገምዎት?» አሉ። እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኖ፣ ኖ፣ ሜርሲ» አለች። እሳቸውም እጅ ነስተው ወደሚቀጥለው ዓሣ ዞሩ። ዓይኗ የዓሣውን ሳጥን ተከተለው።

«ምነው፣ አንዴ ብቻ ጠይቀው ይተዋሉ?» አለች።

«እዚህ አገር አንዴ ነው እትዬ። እዚህ በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚል የለም።»

«እሳቸው ስለማያውቁኝ ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ማዳም ወደ እኛ ዞር አሉ። አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ቤቷን የምትይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ስለ እትዬ ነግረዋታል። ሌላም አመልካች ስላለች ባልደረባቸው ዛሬውኑ መልስ እየጠበቀች ነው። «ላናግርልሽ?» አሉ።

በደስታ እየተጣደፍኩ ተረጎምኩ። እትዬ ዓይኗን ወደ ባንኮኒው ሰበረች።

«ኧረ ማዳም፣ በእኔ የተነሳ ሰው አያስቸግሩ። ፈቃዱ ከሆነ አገሬ እገባለሁ።»

«እትዬ፣ እሺ በይ!»

«ያልኩትን ተርጉሚ።»

«እሺ በይ እንጂ!»

«ሰው ፊት ሥራ ስጡኝ ብዬ ልንጠልጠል? የእናትሽን ቤት ስም አታሰድቢ» ብላ ከባንኮኒው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ለማዳም ግን ፈገግ እንዳለች ነው።

ተረጎምኩ። ከራሴም ጨመርኩ፤ እሷ እኮ በጣም ትፈልጋለች፣ በእኛ ዘንድ መጀመሪያ እምቢ ማለት የአስተዳደግ ወግ ነው፣ እባክዎ እሺ አለች ብለው ይቁጠሩት አልኳቸው። ማዳም በትዕግሥት ሰሙኝና እኔን አልፈው ለራሷ፣ በሚገባት ፈረንሳይኛ፣ ቀስ ብለው «ላናግርልሽ ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

እትዬ ገላመጠችኝ። ሚስጥሯን እንዳወጣሁባት ገብቷታል። እጇን እንደገና ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከፊተኛው ጠንከር አድርጋ፣ «ኖ፣ ኖ ማዳም። ሜርሲ» አለች።

ሁለተኛውም እምቢታ ወግ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳ? ያደግሁበት ፈረንሳይኛ ከዳኝ። «ማዳም፣ እባክዎ» ብቻ አልኩ። እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ።

«አጠገብሽ እንድትቀር እንደምትፈልጊ ይገባኛል» አሉኝ። «ግን ሕይወቱ የእሷ ነው። ስንት ዓመት ሌሎች ወስነውላታል። ዛሬ የምሰማው እሷን ነው።»

ምን ይባላል? ደግ ሴት ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እጣላቸው ነበር። ስልካቸውን አወጡ፣ ጻፉ፣ ላኩ። የእኛ ሰው ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚለው ለካ ይኼንን ነው። ባለሙያው የመጨረሻዋን ጣፋጭ የእንቁላል ቁራጭ አቀበሏት፣ እሷም እንደ ልማዷ ወርዳ ተቀበለች። ቁራጯን ሳትጨርስ የማዳም ስልክ ጮኸ። ማያ ገጹን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ባልደረባቸው አመስግና ሌላዋን ሴት መቅጠሯን ጽፋለች። ለእትዬ አልተረጎምኩላትም።

ስንለያይ ማዳም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አቀፏት። እትዬ ጀርባቸውን እየደባበሰች አጽናናቻቸው።

ፀሐዩ ገና አልጠለቀም ነበር። ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። ፊቷ ፈክቷል።

«አየሽ እንዴት እንደሚያስቡልኝ? አንቺ ልታዋርጂኝ ነበር» አለችኝ። «ነገ ቁርስ ላይ ደግመው ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ እሺ እላለሁ።»

ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ዝም ብሎ ዊ ማለት ደግሞ የችኩል ነው» ቀጠለች። «የተማረ ሰው እንዴት ነው የሚለው? ነገ አንቺ የለሽም፣ አስጠኚኝ።»

«አቬክ ፕሌዚር ነው የሚባለው፣ በደስታ ማለት ነው» አልኳት።

«አቬክ ፕሌዚር» አለች፤ አላማራትም። አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ ደገመችው። «አሁንስ?»

«አሁን ጥሩ ነው።»

ባቡሩ እስኪመጣ ስታጠና ቆየች፤ እኔም በተሳሳተች ቁጥር አረምኳት።