መርከቧ እስክትመለስ

የማስታምማቸው ፈረንጅ አሮጊት "አንቺ ካልመጣሽ እኔም እቀራለሁ" ብለው በትንሽ መርከብ ፓናማ ይዘውኝ ሄዱ። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ያለችው አንድ ክፍሌ ሊሸኘኝ የመጣውን ሰው አልቻለችውም። እኔ የምሄደው ለሥራ፤ እነሱ ግን ጦር ሜዳ እንደሚወርድ ሰው አገላብጠው ይስሙኛል። በቀልድ የሚገድለን ጎረቤቴ እንኳ ጫማውን እያየ ወጣ። "ምን ሆናችኋል? መርከቡ ይሰምጣል አሏችሁ?" ብል የሳቀ የለም።

እናቴ አዲስ አበባ ታማ ነበር። ከየወደቡ እህቴን ኮል አደርጋለሁ። "ተኝታለች" ትለኛለች። በሚቀጥለው ወደብ፣ "ጠበል ሄዳለች።" ኧረ እናቴ ታማም ቢሆን ስልክ ሲጮኽ ቀድማ የምትነሣ ሴት ናት! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ "ድምጿን አሰሚኝ" ማለት ፈራሁ።

የፓናማ ቦይ ውስጥ መርከቧን በር ዘግተውባት ውሃ ሲሞሉ፣ ቀስ እያልን ከግንቡ በላይ ወጣን። አሮጊቷ አጨበጨቡ። ቀይ ባርኔጣቸውን አናቴ ላይ ደፍተው ፎቶ አነሡኝ፤ እኔም ከልቤ ሳቅኩ።

አንዲት ደሴት ጥግ አድረን ጎህ ሲቀድ ከጫካው እሪታ ሰማሁ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። በባዶ እግሬ ወጥቼ የመርከቧን አጥር ይዤ ጫካው ላይ አፈጠጥኩ። "ጦጣዎች እኮ ናቸው፣ የኔ ልጅ" አሉኝ አሮጊቷ። እውነታቸውን ነው፣ በዓይኔ አየኋቸው። ግን እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት መሆኑን እሳቸው በምን ይወቁት? ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ቶሮንቶ በገባሁ ማግሥት፣ ገና ሳይነጋ፣ በሬ ተንኳኳ። ኮሪደሩን ሰው ሞልቶታል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። ቀልደኛው ጎረቤቴ ከፊት ቆሟል። ማንም ሳይናገር ጮኽኩ።

እናቴ የሞተችው ከመሄዴ በፊት ነበር።

"ባሕር ላይ ብቻሽን ማን ይይዝሻል ብለን ነው" አለኝ ጎረቤቴ። "እስክትመለሺ እንቆይ አልን።" ደረቱን በቡጢ ደበደብኩት። ሳይሸሽ ቆሞ ተቀበለኝ።

አሮጊቷም ፎቶውን አሳጥበው በፍሬም አመጡልኝ። ሊያጽናኑኝ ነው፣ ምን ያድርጉ። ቀይ ባርኔጣ አድርጌ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ልቀድደው ስንቴ አነሣሁት! አልቻልኩም። እናቴ አፈር ከለበሰች በኋላ የተነሣሁት ነው፤ እናት አለኝ ብዬ የሳቅኩበት የመጨረሻው ፎቶም እሱ ነው።