የጃፓኑ ሟችና አያ ሰይድ

ባለፈው ወር ቆቦ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንድ አሮጌ መጻሕፍት አዟሪ ከታቀፋቸው አንዱን መዞ በመስኮቱ ሲያስገባልኝ የቆየ ወረቀት ሽታ አወደኝ፤ ሽፋኑን ሳየው ወዲያው አወቅሁት። ቶሎ ወደ መጨረሻው ገለጥኩት። ገጾቹ አሉ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረኝ ቅጂ መጨረሻ አልነበረውም፤ የሰፈራችን ባለሱቅ በርበሬ ጠቅልሎበት የተረፈውን ነው የሰጠኝ። ታሪኩ የጥንት ጃፓን ነው፤ ከመናፍስት ጋር የሚነጋገር አንድ የቤተ መንግሥት መርማሪ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ የተገደለ ሰው መንፈስ እየመራው ገዳዩን ያሳድዳል። ጃፓን ከአፋር በረሃ ትንሽ አለፍ ብላ ያለች ይመስለኝ ነበር፤ መርማሪውን ግን ከዘመዶቼ አብልጬ ወደድኩት።

የገዳይንና የሟችን ወገን አስታርቀው ደም የሚያደርቁት ሽማግሌ ጎረቤታችን አያ ሰይድ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግራሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን አነብላቸዋለሁ። ሩዙን ማሽላ አድርገው ነው የሚያዳምጡት። ሰው ሲገደል አገሬው ተሰብስቦ እየማለ ገዳዩን የሚያወጣበትን አውጫጭ ስንት ጊዜ መርተዋልና፣ ሟቹ ራሱ መጥቶ ቢመሰክር ኖሮ ስንቱ ድካም ይቀርላቸው እንደነበር እያሰቡ ይስቃሉ።

ገጾቹ ያለቁ ዕለት ግን ባዶ እጄን መቅረት አልሆነልኝም፤ ወረቀቱ ላይ እንዳፈጠጥኩ ከልቤ ፈጥሬ የሟቹን ወንድም ገዳይ አደረግሁት።

«ማን አየው?» አሉኝ አያ ሰይድ።

«መጽሐፉ ነዋ።»

«እስከ ትናንት ገጽ ስትገልጪ እሰማ ነበር። ዛሬ አልገለጥሽም። ልጄ፣ ባላየሽው ደም ሰው አታስይዢ።»

አፈርኩ፤ አለቀስኩም። እውነተኛውን ገዳይ ፈልጌ እንደማመጣ ወላሂ ብዬ ማልኩ። እሳቸውም እንደ ሽምግልናቸው ወግ ነገሩን በቀጠሮ አሳደሩት።

ከዚያ ወዲያ ሮቢት ብሄድ፣ ዋጃ ብወርድ አዟሪ አላሳልፍም፤ ሰው እንዳበደች ቆጠረኝ። አያ ሰይድ ባገኙኝ ቁጥር «ተገኘ ወይ?» ይሉኝ ነበር፤ ሳይገኝ ሞቱ። ቀጠሮው የእኔም ነበርና እኔ ፍለጋዬን አልተውኩም።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ ወርጄ ቀረሁ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ወንድምየው ንጹሕ ነው። ተነሥቼ ለማን እንደምነግር ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ረዳቱ ይጣራል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ በቆቦ ምድር ያንን የጃፓን ሟች የሚያውቀው ከእኔ በቀር ሰው አልቀረም።