የተውሶ ቤት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ የሌለው ነገር ሁሉ እንግዳ ሲመጣ ይገኝ ነበር። አጎዛው ይገኛል፣ ብርጭቆው ይገኛል፣ የቀርከሃው ወንበር ይገኛል። እንግዳው ተሸኝቶ ከዓይን ሲርቅ ደግሞ ሁሉም ወደመጣበት ይመለሳል። የማመላለሱ ሥራ የእኔ ነበር። በእኛና በጎረቤታችን በእትየ ጥሩ ግቢ መካከል ባለው የቀርከሃ አጥር ላይ አንዲት ሽንቁር ነበረች። አጎዛውን ጠቅልዬ በራሴ ተሸክሜ በዚያች ሽንቁር ስሾልክ የሚሸተኝ የበግ ቆዳና የረጠበ ቀርከሃ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ሰፈራችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በጥርባ በኩል ነበር። ጠዋት ጉሙ እስኪነሳ ድረስ የጎረቤት ቤት አይታይም። አባቴን አላስታውሰውም፤ በሕፃንነቴ ነው የሞተው። እናቴ ጓሮ ድንች ትተክላለች፣ የቀርከሃ ቅርጫት እየሠራች ገበያ ታወጣለች። አንዲት ዶሮ ነበረችን። የእሷ እንቁላል ተሽጦ የእኔ እስክርቢቶ ይገዛል። እናቴ ጥሬ ስትበትንላት፣ “አስተማሪሽ ይቺ ናት፣ እጅ ንሺ” እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ከተውሶው የተነሳ ማንም ማንን አይታዘብም ነበር። እትየ ጥሩም እንግዳ ሲመጣባት የእኛን ሰፌድ ታስወስዳለች፤ ደህና ነገራችን እሱ ብቻ ነበርና። እናቴ፣ “ችግርን አውጥቶ እንግዳ ፊት ማስቀመጥ እንግዳውን መስደብ ነው” ትላለች። እኔም እንዲሁ አምኜ አደግሁ።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሰባተኛ ለመማር ከተማ መግባት ነው። ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራዩና እሑድ እሑድ ከቤታቸው ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ። ስድስተኛን ሁለተኛ ወጥቼ ስጨርስ መምህራችን፣ መንግሥት ለችግረኛ ልጆች ኪራዩንና ደብተሩን ሊችል መሆኑን ነገሩን። ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ያያል አሉ። ዕቃ ሳመላልስ በሽንቁሯ አብራኝ የምትሾልከው ጓደኛዬ የሺና እኔ ተያይዘን እየሮጥን ነው የመጣነው። አንድ ክፍል አብረን ልንከራይ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ልንተኛ መንገድ ላይ ተስማምተን ጨረስን።

እናቴ ኮሚቴው ለምን እንደሚመጣ በደንብ ገብቷታል። ግን ሰው ቤቷ ሊመጣ ነው። በዋዜማው ቤቱን በእበት ለቀለቀች፤ ጠዋት ከእትየ ጥሩ ጋር በአውኛ ቋንቋ ሲንሾካሾኩ ቆዩና እኔ በሽንቁሯ መመላለስ ጀመርሁ። አጎዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አራት ብርጭቆ፣ በመጨረሻም የእትየ ጥሩ ባል ለዓመት በዓል የሚለብሱት አዲስ ጋቢ መጥቶ መደቡ ላይ ተነጠፈ። ስመለስ ዶሮዋን ታርዳ አገኘኋት።

“እማ፣ እስክርቢቶዬስ?” አልኋት።

“ዝም በይ። የሚያስተምሩሽ ሰዎች ጦማቸውን ይሂዱ?” አለችኝ።

ሦስቱ ሰዎች መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ሰብሳቢው ጋቢውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ “ይመስገነው፣ ይቺስ ሙሉ ቤት ናት” አሉ። እናቴ ፊቷ በራ። እኔ ጥግ ቆሜ ‘የእኛ አይደለም’ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴን አየኋትና ዘጋሁት። ሲሄዱ መርቀውን ሄዱ።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ የሺ ነበረች፤ እኔ አልነበርሁም። እናቴ እጄን ይዛ ሰብሳቢው ዘንድ ሄደች። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ከልባቸው ነው የሳቁት።

“አንቺ እኮ ዶሮ አርደሽ ያበላሽን ነሽ! አንቺ ችግረኛ ከሆንሽ እኛ ምን ልንባል ነው?”

አብረዋቸው የነበሩትም ሳቁ። ‘አጎዛው የሰው ነው፣ ጋቢውም የሰው ነው’ ብትል ይበቃ ነበር። አላለችም። ያንን ሁሉ መንገድ እጄን ሳትለቅ ቤት አደረሰችኝ።

የሺ በሄደችበት እሑድ አጥሩ ሥር ቆሜ አየኋት። ስንቋን ተሸክማ ጉሙ ውስጥ ገባች፤ መጀመሪያ እግሯ ጠፋ፣ ከዚያ ነጠላዋ። ጠርታኝ ነበር፤ አልመለስሁላትም። ከዚያ በኋላ በዚያች ሽንቁር አብራኝ የምትሾልክ ልጅ አልነበረችም። እናቴ ዶሮ አልገዛችም፤ እኔም እስክርቢቶ አልጠየቅኋትም።

ዛሬ የምኖረው ዳንግላ ነው። ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት እቸረችራለሁ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ከልጄ ከኅሊና ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ ነበርን። ኅሊና አሥራ ሁለተኛን አልፋ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ምግቡንና መኝታውን መንግሥት ይችላል፤ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ቀስ እያለች ልትከፍል ውል ፈርማለች። እኔ ውል ሲባል ስለምፈራ በስልክ ሦስት ጊዜ አስነብቤያታለሁ። ለሳሙናው፣ ለወረቀቱ፣ ለመመላለሻው ግን የምልክላት አልነበረኝም። አንድ ቀን ደውላ፣ “እማ፣ ለችግረኛ ተማሪዎች የተለየ ድጋፍ አለ፤ ከቀበሌ ደብዳቤ ካላመጣሁ ግን አይሆንም” አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ካልተገኘ አቋርጬ እመጣለሁ፣ አትጨነቂ” አለች። እንዲህ ተብሎ አለመጨነቅ እንዴት ይቻላል?

ቀበሌ ሄድሁ። “ቤትዎን መጥተን እናያለን” አሉኝ። ቀኑን ጠይቄ ተመለስሁ።

በተባለው ቀን ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ ጠረግሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከጎረቤቴ ከዘይነባ ሱቅ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሜ ስገባ ራሴን አገኘሁት። ዘይነባ ከኋላዬ ፔርሙዝና የአልጋ ልብሷን ይዛ ተከተለችኝ።

“አንጥፊው እንጂ! ሰው ሊመጣ አይደለም እንዴ?” አለች።

የአልጋ ልብሱን ተቀብዬ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ያማረ ነበር። በእጄ ስደባብሰው የያኔው ሰብሳቢ እጅ ጋቢው ላይ ሲሄድ ታየኝ። ገፈፍሁና መልሼ አጠፍሁት።

“ዘይነባ፣ ይቅርታ፣ መልሽልኝ። ወንበሮቹንም።”

“አበድሽ? እንግዳ ቆሞ ሊሄድ ነው?”

“ይቁም” አልሁ። እናቴን የሰደብኋት መሰለኝ።

አንዲት ወጣት ፎርም ይዛ፣ አንድ ጠና ያሉ ሰው አብረዋት መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የነበረኝን ድንች ቀቅዬ በጨው አቀረብሁ። ሰውየው አንዱን አንስተው ልጠው በሉ፤ ልጅቷ በፈገግታ አመስግና መጻፏን ቀጠለች።

“በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል፣ እናቴ?”

“ሁለት” አልሁ ቶሎ ብዬ።

ልጅቷ አልጋውን አየች፤ አንዱ ወገን ብቻ ነው የተተኛበት የሚመስለው። ቀና ብላ አየችኝ።

“ልጅዎ ሄዳለች አይደል?”

“አዎ። አንድ ነው። አንድ በይው።”

አንድ ብላ ጻፈች። ችግሬን ሁሉ ሳሳያት አልከበደኝም ነበር፤ እሱን ቁጥር ስትጽፍ ግን ዓይኔ ሞላ።

ደብዳቤው ወጣ። የልጄን ስም ፊደል በፊደል ካነበብሁ በኋላ በላስቲክ ጠቅልዬ ላክሁላት። ከሳምንታት በኋላ ደወለች፤ “እማ፣ ስሜ አለ!” እያለች ትጮኻለች። እሰይ፣ እሰይ አልሁ። ስልኩ ሲዘጋ ለሰው ልናገር ተነሳሁ። የምነግራት እናቴ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ካረፈች ቆይታለች።

ያኔ ቤታችን በሰው ዕቃ ሞላና እኔ ከትምህርት ቀረሁ። ዛሬ ቤቴን እንዳለ አሳየሁና ልጄ ትማራለች። የትኛው እንደሚሻል በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው፤ እናቴን ግን አልፈርድባትም። እሷ የምታውቀው፣ ሰው ደጇን ሲረግጥ ማክበርን ነው። አንዳንድ ጠዋት ስነሳ በዚያች ሽንቁር የሚያልፈው አጎዛ ይናፍቀኛል፤ ያኔ ዕቃው ባይኖረን የሚያውሰን ሰው፣ የሚመጣብን ሰው ነበረ።

ኅሊና ለእረፍት ስትመጣ አንዲት የክፍሏን ልጅ ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች። ለዘይነባ ነግሬያታለሁ፤ ያን ቀን ወንበሮቹንም፣ ፔርሙዙንም፣ የአልጋ ልብሱንም እዋሳለሁ። ዶሮም አርዳለሁ።